ፊሊፒና ጎረቤቴ «ልጄን ወደ አያቱ አልልክም» አለች፣ እኔ ደግሞ ልጄን ልልካት ነው፣ ምከሩኝ

ማሚቱ_ሮማ

ሰላም ለሁላችሁ። ረጅም ነው የምጽፈው ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ልጄ ተኝታልኛለችና ሳትነቃ ልጨርስ። ሮም ነው ያለሁት ቶርፒኛታራ፣ 9 ወር የሞላት ሴት ልጅ አለችኝ። የወሊድ ፈቃዴ አልቋል፣ ድሮ የምሰራላቸው ሴትዮ ሌላ ሰው ይዘዋል፣ አሁን ፊሳ ስራ ተገኝቶልኛል፣ እዛው እያደርኩ ሐሙስ ከሰዓት በኋላና እሁድ ብቻ የምወጣበት፣ 1,100 ዩሮ። ባለቤቴ ማጋዚኖ (መጋዘን) ውስጥ ሌሊት ነው የሚሰራው። እናቴ ከአዲስ አበባ «አምጪልኝ፣ እኔ አለሁ አይደል፣ አንቺንስ ማን አሳደገሽ» ትለኛለች። ትኬት ማየት ሁሉ ጀምረናል። ግን ትኬቱን ልቁረጥ ባልኩ ቁጥር ትዝ የምትለኝ ከኛ በላይ ፎቅ ያለችው ፊሊፒና (የፊሊፒንስ ሴት) ናት፣ እስቲ መጀመሪያ ስለሷ ላውራችሁ።

ህንጻው ላይ ሁሉም «አቴ» ነው የሚላት። በነሱ ቋንቋ ታላቅ እህት ማለት ነው። መጀመሪያ ስሰማ «እቴ» የተባለ መስሎኝ ሀበሻ አለች ብዬ ደረጃውን ወጥቼ አይቻለሁ። እኛም እቴ ስንል እህቴ ማለታችን ነው ብዬ ስነግራት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፣ ከዛ ወዲህ እሷም እኔን «እቴ» ነው የምትለኝ፣ አነጋገሯም ጥርት ያለ ነው።

የወለድኩ ሰሞን የኛ ሰዎች ሁሉ ስራ ላይ ነበሩ፣ ሐሙስ እንመጣለን አሉኝ፣ አይፈረድባቸውም። በሁለተኛው ቀን ቴርሞስ ይዛ የወረደችው አቴ ናት። ቲኖላ የሚሉት የዶሮ ሾርባ ነው፣ ዝንጅብል አለው፣ ያልበሰለ ፓፓያ አለው፣ ላዩ ላይ ትንንሽ ቅጠል። ቅጠሉን ሳየው ሽፈራው! እነሱ ማሉንጋይ ይሉታል፣ ወተት ያመጣል ብለው ለአራስ የሚሰጡት ነው። የኮንሶና የአርባ ምንጩ ሽፈራው ዝርያው ትንሽ ይለያል እንጂ ዘመዱ ነው። እሷ በረዶ የሆነውን ፒያሳ ቪቶሪዮ አካባቢ ካሉት የእስያ ሱቆች ነው የምትገዛው። ከዛ መስኮቱን ዘጋችልኝና ቀዝቃዛ ውሃ እንዳትነኪ፣ ቶሎ እንዳትነሺ፣ አራስ ቶሎ ከተነሳች «ቢናት» ይይዛታል፣ ሕመም ያገረሽባታል አለችኝ። በዛው ቀን እናቴ በስልክ ብርድ እንዳይመታሽ ስትል ነበር፣ ቃል በቃል ማለት ይቻላል። ሁለቱ ተዋውቀው የተማከሩ ነው የመሰለኝ።

ሌላም አለ። አንድ ቀን አውቶብስ ላይ አንዲት ጣሊያን አሮጊት የአቴን ልጅ አይተው ምን ያምራል ምን ያምራል አሉ፣ አቴ ወዲያው አውራ ጣቷን በምራቋ አርሳ ልጁን ግንባሩ ላይ ነካችው። እነሱ «ኡሶግ» ይሉታል፣ ሰው አድንቆት ልጅ ሆዱን ሲያመው። እኔ ደግሞ ሳላስበው ቱፍ ቱፍ ያሳድገው ብያለሁ። ተያየን። ማስረዳት አላስፈለገንም።

ልጇ 6 ዓመቱ ነው፣ አንደኛ ክፍል። ደረጃ ላይ ሲያገኘኝ እጄን ይዞ ግንባሩ ላይ ያስነካል፣ እንደኛ ጉልበት መሳም ማለት ነው፣ ትልቅ ሰው ላይ ነው የሚደረገው። እሷ አስተምራው ነው እንጂ ትምህርት ቤት ማንም አይሰራውም። ጣሊያንኛ ነው የሚናገረው፣ እሷ በታጋሎግ ትጠይቀዋለች በጣሊያንኛ ይመልሳል፣ እሷ ግን አትተውም። መጨረሻው ላይ «ፖ» ካላለ አትመልስለትም፣ ፖ የአክብሮት ቃላቸው ናት፣ እንደኛ «እርስዎ» በሉት።

ቀኗን ልንገራችሁ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ትነሳለች፣ ከጣሪያዬ በላይ ኮቴዋን እሰማለሁ። ሩዙን ማብሰያው ውስጥ ታደርጋለች፣ እንቁላል ትጠብሳለች፣ 12 ተኩል ላይ ወጣች። ባሏ ምግብ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ እስከ እኩለ ሌሊት ስለሚሰራ ልጁን ትምህርት ቤት የሚያደርሰው እሱ ነው። እሷ ባቡሩን እስከ ቴርሚኒ፣ ከዛ አውቶብስ ይዛ ፓሪዮሊ ሰፈር ሁለት ቤት ታጸዳለች፣ በሰዓት። ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ምሳዋን ቆማ እየበላች እናቷ ጋ ትደውላለች፣ እዛ በዚህ አገር የብርድ ወራት ከምሽቱ 2 ሰዓት ስለሚሆን ከዛ ካለፈ ይተኛሉ። ልጁ 10 ሰዓት ተኩል ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ 9 ተኩል ላይ የጀመረችው ሸሚዝ ግማሹ ቢቀርም ካውያውን ነቅላ ትሮጣለች። እሮብ ማታ ሌላ ቤት ካውያ አላት፣ ባሏ ስለማይኖር ልጁን ይዛው ነው የምትሄደው፣ ሰው ቤት ኩሽና ውስጥ ቁጭ ብሎ የቤት ስራውን ይሰራል። አንዴ አብሬያት ሄጄ አይቼዋለሁ፣ ደብተሩ እንዳይቆሽሽ ከስሩ ፎጣ አንጥፋለት።

እሷም እንደኔ ፊሳ ተጠይቃ ነበር፣ በተሻለ ደሞዝ፣ ልጁን ለእናቷ ልካ። አልልክም አለች። ለምን አልኳት። «አልልክም» አለች በቃ፣ ሌላ ምንም አላለችም፣ ሳህኑን ማጠብ ቀጠለች።

እኔስ? እስቲ የላካችሁም ያልላካችሁም ንገሩኝ። ትኬቱን እስከ ሰኞ መወሰን አለብኝ።

ገነት_ቦሎኛ

ማሚቱዬ በመጀመሪያ እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ ዘግይቼም ቢሆን። ስሜቱን ለሌሎች ትቼ ወረቀቱን ልንገርሽ፣ ብዙ ሰው ሳያውቅ ነው የሚልከው።

ልጅሽ እዚህ ከተወለደች እዚህ ሳታቋርጥ በህጋዊ ነዋሪነት 18 ከሞላት ጣሊያናዊ ልሁን ብላ 19 ሳይሞላት ኮሙኔ (ማዘጋጃ ቤት) ሄዳ መፈረም ብቻ ነው የሚጠበቅባት፣ የ1992ቱ የዜግነት ህግ ነው። ሳታቋርጥ የምትለዋን ቃል አስምሪባት። ሦስት አራት ዓመት አያቷ ጋ ከኖረች ያ በር ተዘጋ ማለት ነው። የፊሊፒኖ እናቶች ይሄን ከኛ ቀድመው ነው ያወቁት፣ እዚህ ቦሎኛ አብራኝ የምትሰራ አንዷ የልጇን የክትባት ወረቀት፣ የትምህርት ቤት ወረቀት፣ ሁሉንም ከተወለደ ጀምሮ በአንድ ፋይል አስቀምጣለታለች፣ ኖሯል ብላ ለማሳየት። አንቺም ከዛሬ ጀምሪ። አንቺ ራስሽም ካርታ ዲ ሶጆርኖ (የረጅም ጊዜ መኖሪያ ፈቃድ) ካለሽ ከአውሮፓ ውጭ 12 ወር በተከታታይ ከቆየሽ ይወሰድብሻል፣ አብሬያት ሄጄ ትንሽ ልቆይ ካልሽ እሱንም አስቢበት።

(አገራችን ጥምር ዜግነት አትፈቅድም የሚል ይመጣል መቼም፣ አዎ አትፈቅድም፣ ቢጫ ካርድ አለ፣ እሱን 18 ስትሞላ እሷ ትወስን።)

ሌላው፣ ሴትዮዋ ሌላ ሰው የያዙት ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ሌላ ሰራተኛ ልጇ አንድ ዓመት እስኪሞላው ማባረር አይቻልም፣ የቤት ሰራተኛን ግን ኮንትራቱ የሚጠብቃት የወሊድ ፈቃዱ እስኪያልቅ ብቻ ነው። 5 ወሩ አለቀ አንቺም አለቅሽ። ልጅ ወደ አያት የሚላከው እናት ስለማትወድ ሳይሆን እንደዚህ ስለሆነ ነው፣ ይሄ ያንገበግበኛል።

ኢዜኤ (የቤተሰብ ገቢና ንብረት መግለጫ) አሰርተሻል? ካላሰራሽ ነገ ሂጂ፣ ወረፋ የሌለበት ፓትሮናቶ (ወረቀት የሚሰሩልሽ ቢሮ) ፈልጊ። የአሴኞ ኡኒኮውም (ከ2022 መጋቢት ጀምሮ ያለው የልጅ ገንዘብ) የኒዶ (የህጻናት ማዋያ) ቦነሱም መጠን የሚሰላው በሱ ነው። ኒዶ ምዝገባ ብዙ ቦታ በጸደይ ነው የሚከፈተው ለመስከረም፣ ቀኑ ካለፈሽ ዓመት ነው የምትጠብቂው።

ወንዴ_ቶሪኖ

እኔ ትንሽ ለየት ያለ ሀሳብ አለኝ፣ አትቀየሙኝ። ልጄን በ1 ዓመት ከ2 ወሩ ደብረ ብርሃን ለእናቴ ልከናል፣ አሁን 7 ዓመቱ ነው። አማርኛው የኔን ያስንቃል፣ ፊደል ቆጥሯል፣ ቅዳሜ ቤተክርስቲያን ይሄዳል፣ ጎረቤቱ በሙሉ የሱ ነው፣ በር ሳይቆለፍ ነው የሚጫወተው። እዚህ ቢሆን እኔና ባለቤቴ በየተራ እየገባን እየወጣን አንድ ክፍል ውስጥ ስልክ ይዞ ነበር የሚያድገው። መላክ ማለት መጣል አይደለም። አያት ያሳደገችው ልጅ ደግሞ ምን ይጎድለዋል፣ ግማሾቻችን እንደዛ ነው ያደግነው።

ፊሊፒኖዎቹም ቢሆን አብዛኛዎቹ ልከው ነው የሰሩት። ማቢኒ የምትባል ፊሊፒንስ ባታንጋስ ውስጥ ያለች ከተማ አለች፣ ጣሊያን ካሉት ፊሊፒኖዎች ብዙ ሰው የመጣው ከዛ ነው፣ ከዚህ በተላከ ብር በጣሊያን ሞዴል ቤት ሰርተው ሰርተው «ትንሿ ጣሊያን» ነው የምትባለው። ያ ሁሉ ቤት ልጅ ታቅፎ አልተሰራም። የጎረቤትሽን ጥንካሬ አከብራለሁ፣ ግን በሰው አቅም አትለኪ። እናትሽ ጤነኛ ከሆነች እና ከፈለገች በረከት ነው።

ማሚቱ_ሮማ

ወንዴ አመሰግናለሁ፣ አልተቀየምኩም፣ ባለቤቴም የሚለው ይሄንኑ ነው። አቴም እኮ ማቢኒ ናት! የቤቱን ፎቶ አሳይታኛለች፣ ነጭ ቤት ነው ትልቅ በረንዳ ያለው፣ ዓምዶቹ ፓሪዮሊ ካለው የቀጣሪዋ ቤት ጋር አንድ ናቸው። በረንዳው ላይ ማንም የለም ፎቶው ላይ፣ ወንበሮቹ እንደተጠቀለሉ ነው፣ ላስቲካቸው አልተነሳም።

ገነትዬ የዜግነቱን ፈጽሞ አላውቅም ነበር።

ሰላም_የአያት_ልጅ

ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው የማልፈው፣ ዛሬ ግን እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው ምክንያቱም እኔ የተላኩት ልጅ ነኝ።

ሮም ተወልጄ በ11 ወሬ ባህር ዳር ተላኩ። አያቴን እማ እላለሁ፣ እናቴን ደግሞ የሮማዋ እማዬ፣ እንደ ዘመድ። በየዓመቱ ጫማ ትልክልኝ ነበር፣ ሁልጊዜ በአንድ ቁጥር ያንሰኛል ምክንያቱም በፎቶ ገምታ ነው የምትገዛው፣ ፎቶው እስኪደርሳት ደግሞ እግሬ አድጓል። አያቴ እንዳታዝን ብላ «ልክ ሆኗታል» ትላታለች። ጫማዎቹን ለአክስቴ ልጅ እሰጣለሁ።

በ12 ዓመቴ ሪኮንጁንጂሜንቶ (ቤተሰብ ማምጫው ፈቃድ) ተሳክቶ መጣሁ። ፊውሚቺኖ አየር ማረፊያ እናቴ ስታቅፈኝ ይዛኝ ከመጣችው ሴትዮ ጀርባ ተደበቅኩ። እናቴ ፊቷ የሆነውን እስከዛሬ አልረሳውም፣ ያኔ ግን የማስበው አያቴን ነበር፣ ማታ በሯን ማን ይዘጋላታል እያልኩ። አንድ ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል እማዬ አላልኳትም። «ስሚ» ነበር የምላት። እሷ የሰራችውን ሽሮ ይሄ የአያቴ አይደለም ብዬ ገፍቻለሁ። እሷ ደግሞ ስንት ዓመት የሰው ልጅ ስታጥብና ስታበላ ኖራ የራሷን ልጅ እንዴት እንደምትይዝ አታውቅም ነበር፣ ይሄን አሁን ነው የገባኝ።

ክፍላችን ውስጥ ሦስት ፊሊፒኖዎች ነበሩ። ሦስቱም እንደኔ። አንዱ እንደውም በ13 ዓመቱ ነው የመጣው፣ አያቱ፣ ሎላ ነው የሚሏት፣ በመጣ በስምንተኛው ወር ሞተች፣ የፕላኑ ትኬት ውድ ስለሆነ ለቀብር አልሄደም። ከእናቱ ጋር ወራት አልተነጋገረም። እናቱ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች፣ የሚወደውን ጎምዛዛ ሾርባ በእቃ ይዛ፣ ሲኒጋንግ ነው ስሙ፣ እሱ አይቷት በሌላ በር ይወጣል። ሴትየዋ በየቀኑ ትመጣለች። እኔ ነኝ ሾርባውን የምበላላት፣ እያለቀሰች «ብዪ ብዪ» ትለኛለች።

አሁን 27 ዓመቴ ነው፣ ከእናቴ ጋር ደህና ነን፣ በጣም እወዳታለሁ። ግን የሌለን ነገር አለ፣ ጥርሴ መቼ እንደወጣ ብጠይቃት አታውቅም፣ የምታውቀዋ አያቴ ደግሞ አርፋለች። ዜግነቱም ገነት እንዳለችው ነው፣ እዚሁ ተወልጄ በ18 ዓመቴ መፈረም አልቻልኩም፣ በሌላ መንገድ ገቢ አሳይቼ ዓመታት ጠብቄ ነው ያገኘሁት።

ወንድም ወንዴ፣ ልጅህ ደስተኛ ነው፣ አምንሃለሁ፣ እኔም ደስተኛ ነበርኩ። የሚከብደው መመለሻው ነው። ልታመጣው ካሰብክ አሁን አምጣው፣ 12 እስኪሞላው አትጠብቅ።

ሃያት_ዱባይ

ሰላምዬ አስለቀስሽኝ ወላሂ።

እኔ ዱባይ ነኝ፣ መጀመሪያ ሰው ቤት ነበርኩ አሁን ሳሎን ውስጥ ነው የምሰራው። ልጄ ኮምቦልቻ ናት ከእናቴ ጋር፣ 8 ዓመቷ። እኔ ምርጫ ኖሮኝ አይደለም፣ እዚህ ቤተሰብ ለማምጣት ደሞዝሽ 4,000 ድርሃም መሆን አለበት ወይ ደግሞ 3,000 ሆኖ ቤት ከሰጡሽ፣ እኔ ያንን አላገኝም፣ ሰው ቤት ያለች ደግሞ ጭራሽ አታስበውም። አጠገቤ ያለችው ፊሊፒና ጥፍር ነው የምትሰራው፣ ልጇ ኢሎኢሎ የሚባል ቦታ ናት፣ ከሁለት ዓመቷ ጀምሮ አያቷ ጋ። ይህችን ሴት ብታይዋት። ደንበኛ ሳይኖር ስልኩን ጠርሙስ ላይ ታስደግፈዋለች፣ ቪዲዮ ተከፍቶ ልጅቷ እዛ የቤት ስራ ትሰራለች፣ እሷ እዚህ ፎጣ ታጥፋለች፣ አይነጋገሩም እኮ፣ ዝም ብለው ነው ሰዓታት። አልፎ አልፎ «ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ» ትላታለች። አሁን እኔም እንደሷ ጀምሬያለሁ፣ የኮምቦልቻ ኔትወርክ በፈቀደ ጊዜ፣ ልጄ ቁርዓኗን ስትቀራ እሰማታለሁ።

ቤተሰቧ ልጅቷን ጨምሮ በመስከረም ገና ይጀምራሉ ታውቃላችሁ? በፈረንጅ ሴፕቴምበር ሲገባ ዘፈኑ ይከፈታል። በዛው ሰሞን ትልቁን ካርቶን መሙላት ትጀምራለች፣ ባሊክባያን ይሉታል፣ በመርከብ ነው የሚሄደው ወር ሁለት ወር ይፈጃል፣ ሳሙና፣ ቆርቆሮ ስጋ፣ ቸኮሌት፣ ፎጣ፣ የልጅ ጫማ። የመንግስታቸው ህግ ካርቶኑን እስከ 150,000 ፔሶ ድረስ ከቀረጥ ነጻ ያስገባል። እኛ ሰው ለምነን አምስት ኪሎ እንልካለን ወይ እዛው ቦሌ ይቀራል።

መንግስታቸው ለነገሩ ከ1974 ጀምሮ ነው ሰው መላክን ስራዬ ብሎ የያዘው፣ በፈረንጅ ነው፣ በ1988 ፕሬዝዳንቷ ኮራዞን አኪኖ «አዲሶቹ ጀግኖች» ብለዋቸዋል። ለቤት ሰራተኛም ከ400 ዶላር በታች አትቀጠር ብለው ወስነው ነበር በ2006፣ እኛ ያኔ ማዳም የሰጠችሽን ነው። ይሄ ሁሉ ጥሩ ነው ግን ጓደኛዬ ልጇን ካቀፈች ሦስት ዓመት ሆኗታል።

ማሚቱ አንቺ ጣሊያን ነሽ፣ ልጅሽን በስምሽ ይዘሽ መኖር ትችያለሽ። እኔ አንቺን ብሆን አልልክም። ወንዴንም አልኮንነውም፣ አላህ ልጁን ያሳድግለት።

እማማ_ዘሎሬቶ

ልጆቼ የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ፣ እኔ እየነገርኳት ነው።

ሮም የገባሁት በ67 ዓ.ም ነው፣ አብዮቱ እንደፈነዳ፣ ከአስመራ ጣሊያኖች ጋር። ፊሊፒኖዎቹ ከኛ ጥቂት ቆይተው ነው የበዙት። ሐሙስ ከሰዓት በኋላና እሁድ ቴርሚኒ ጣቢያ ፊት ለፊት እኛ በአንድ በኩል እነሱ በአንድ በኩል ቆመን ቀጠሮ እንጠባበቅ ነበር፣ ሞባይል የለ። ሁላችንም ፊሳ ነበርን። ፊሳ ሆኖ ልጅ ማሳደግ ያኔም አይቻልም፣ ልጅሽን የት ታስተኚዋለሽ? ኤርትራውያኑ፣ እኛ፣ ፊሊፒኖዎቹ፣ የኬፕ ቨርዴ ሴቶች፣ ልጅ የወለድን መነኮሳቱ ኮሌጆ (የልጆች አዳሪ ቤት) ነበር የምናስገባው። ወንዱ ልጄን በሦስት ዓመቱ አስገባሁት። ሐሙስ ስሄድ በሩ ላይ ቆሞ ነው የሚጠብቀኝ። እሁድ ማታ ስመልሰው የካፖርቴን ቁልፍ ይዞ አይለቅም፣ አንዴ ቁልፉ ተነቅሎ እጁ ላይ ቀረ፣ መነኩሲቷ ተዪው ይያዘው አለችኝ። ሐሙስ ስመጣ ቁልፉ አብሮት ነበር።

በሩ ላይ አንዲት ፊሊፒና ነበረች ሴት ልጇን የምታመጣ። ስሟን እንኳ በደንብ አልያዝኩትም፣ ቋንቋ አልነበረንም፣ ግን አብረን ወደ ጣቢያው ስንመለስ ክንዴን ትይዘኝ ነበር። ሁለታችንም ዝም።

ልጄ ማሚቱ፣ እኔ አማራጭ አልነበረኝም፣ ህጻናት ማዋያ የለ፣ ብር የለ፣ ዘመድ የለ። አንቺን ልልሽ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፣ ከልጅሽ ጋር የሚቀበሉሽ ፈልጊ። አሉ። ብቻቸውን ያሉ አሮጊቶች ልጅ ቤት ውስጥ ሲስቅ ይወዳሉ፣ የሚጠሉትም አሉ፣ ጠይቂ ግን፣ አይሆንም ቢሉሽ ምን ይጎድልብሻል። እኛ መጠየቅ እንደሚቻል እንኳ አናውቅም ነበር።

ገነት_ቦሎኛ

እማማ እድሜዎን ያርዝምልን። ልጅዎ አሁን ደህና ነው?

እማማ_ዘሎሬቶ

ደህና ነው ልጄ፣ ሦስት ልጆች አሉት። ይህችን የምትጽፈውም የሱ ናት። ቁልፏን አሁንም ያስቀመጣት እሱ ነው።

ወንዴ_ቶሪኖ

ማታ ለባለቤቴ የሰላምን ጽሑፍ አነበብኩላት። ምንም አላለችም፣ ተነስታ የልጁን ፎቶ ከፍታ ስታይ አደረች። እኔ ያልኩትን አልመልስም፣ እናቴ በደንብ ነው የያዘችው፣ በሷ ላይ ክፉ ቃል አልናገርም። ግን መመለሻው ላይ አስቤ አላውቅም ነበር እውነት ለመናገር፣ «ሲያድግ እናመጣዋለን» ነው የምንለው፣ ስንት ሲሆነው እንደሆነ ተነጋግረን አናውቅም። ለቤቱ የኢዶኔታ ወረቀት (ቤቱ ለቤተሰብ ይበቃል የሚል) ጠይቄያለሁ ዛሬ፣ ያለንበት አንድ ክፍል ስለሆነ አያልፍም ይሉኛል ብዬ እፈራለሁ፣ ልጁን ለማምጣት ለሚሰጠው ፈቃድ፣ ለኑላ ኦስታው፣ እሱ ያስፈልጋል። ልምድ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

ሰላም እህቴ አመሰግናለሁ።

ማሚቱ_ሮማ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ሰኞ ነው፣ ልጻፍላችሁ ብዬ ነው።

ቅዳሜ ማታ የሰላምን እና የእማማን ጽሑፍ ይዤ አቴ ጋ ወጣሁ። በጣሊያንኛ እየተረጎምኩ አነበብኩላት። ባሏ ስራ ላይ ነበር፣ ልጁ ተኝቷል። የጫማው ጋ ስደርስ «ቆይ» አለችኝ፣ ጓዳ ገብታ ካርቶን አወጣች፣ ውስጡ ጫማ ነው፣ 38 ቁጥር፣ አዲስ። የማን ነው አልኳት።

ሴት ልጅ አላት። 19 ዓመቷ። ማቢኒ። እሷን በ10 ወሯ ነው የላከቻት፣ ያኔ ፊሳ ነበረች፣ ልክ እንደኔ። ያ ነጭ ቤት የተሰራው በነዛ ዓመታት ነው። በ14 ዓመቷ ሊያመጧት ወረቀቱን ሁሉ ጨርሰው ልጅቷ አልመጣም አለች። ሎላን ትቼ አልሄድም። አቴ አልተቆጣቻትም፣ «ትክክል ናት፣ እናቷ እሷ ናት» ነው ያለችኝ። በሁለት ሦስት ዓመት አንዴ ትሄዳለች፣ ልጅቷ እጇን ይዛ ግንባሯ ላይ ታስነካለች፣ ፖ ትላታለች፣ እንደ እንግዳ በጣም በአክብሮት። «ጎረምሳ ለእናቱ በቁጣ እንደሚመልስ ብትመልስልኝ ደስ ይለኝ ነበር» አለችኝ። እኔ ለካ በየቀኑ 7 ሰዓት የምትደውለው ለእናቷ ብቻ ይመስለኝ ነበር። እናቷ ስልኩን ለልጅቷ ታቀብላታለች፣ ልጅቷ ደህና ነኝ ፖ ትላለች፣ አለቀ።

ያኔ ገባኝ ሳህኑን እያጠበች አልልክም ያለችኝ።

ፊሳውን አልወስድም ብዬ ትናንት ደወልኩ። ባለቤቴ መጀመሪያ ዝም አለ፣ ብሩን አስልቶ ነው፣ እውነቱን ነው ከባድ ነው፣ ሂሳቡን ቁጭ ብለን ሰራነው፣ በወር ቢያንስ 500 ዩሮ ይጎድለናል። እናቴ አለቀሰች፣ ክፍሉን ቀለም አስቀብታ ነበር። እሱ ነው ሆዴን የበላኝ። በክረምት እኛ ዘንድ ሦስት ወር እንድትመጣ እናያለን፣ ቪዛው ከተሳካ።

ከአቴ ጋር የተነጋገርነው እንዲህ ነው። እሷ በ10 ሰዓት ተኩሉ ምክንያት የከሰዓት ስራ መያዝ አልቻለችም፣ ስለዚህ ልጇን ከትምህርት ቤት የምወስደው እኔ ነኝ፣ ልጄን በጋሪ ይዤ፣ እስከ 1 ሰዓት እኔ ጋ ይቆያል። ማታ ደግሞ ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ቢሮ ጽዳት አግኝቻለሁ፣ ባሏ ያገናኘኝ ነው፣ ባለቤቴ 2 ሰዓት ላይ ሲወጣ ልጄን ለአቴ ያወርዳል፣ ማለቴ ያወጣል፣ ከላይ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ እሷ ሁለቱንም ትይዛለች እኔ ሙሉ ቀን እሰራለሁ። ኢዜኤውን ሐሙስ ቀጠሮ ይዣለሁ ገነትዬ፣ ኒዶም እመዘግባለሁ። እማማ የነገሩኝንም ጠይቄያለሁ፣ አንዲት አሮጊት ልጅሽን ይዘሽ ነይ ልያት ብለውኛል፣ የሳምንት ሁለት ጥዋት ነው፣ እሮብ እሄዳለሁ።

ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሦስት ወር ምን እንደምናደርግ አናውቅም። ነሐሴ ላይ አሰሪዎቿ ባህር ይሄዳሉ፣ አብረሽን ነይ ይሏታል በየዓመቱ፣ በየዓመቱ ይጣሏታል። እሱን ያኔ እናያለን።

ሰላምዬ፣ አቴ አንድ ነገር ጠይቂልኝ ብላኛለች። ያ ልጅ፣ ሾርባውን ያልበላው፣ አሁን ከእናቱ ጋር ይነጋገራል ወይ ብላ።

ሰላም_የአያት_ልጅ

ይነጋገራሉ። ባለፈው ዓመት አገባ፣ ሰርጉ ላይ ነበርኩ። እናቱ ሾርባውን ሰርታ ነበር፣ ሠርግ ላይ የማይቀርብ ነገር ነው፣ ትንሽ ድስት ለብቻው። ሁለት ሳህን በላ።

ንገሪያት። ጫማውንም ሳትልከው ቁጥሩን ልጅቷን ትጠይቃት በዪልኝ።

ማሚቱ_ሮማ

ጠይቃታለች ዛሬ 7 ሰዓት ላይ። 39 ነው አለቻት። ስልኩን ለሎላ ሳትመልስ ስለ ጫማ ቀለም አወሩ፣ አስራ አንድ ደቂቃ፣ አቴ የስልኩን ሰዓት ፎቶ አንስታ ልካልኛለች።

ልሂድ፣ 10 ሰዓት ሊሆን ነው፣ ልጁን ላምጣው።